የዕቁቡ ፍሪጅ

«ጤና ይስጥልኝ፣ ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ። ሁለት ዓመት የጣልኩት ዕቁብ ጥር ላይ ደረሰኝና ፍሪጅ ገዛሁበት። ርካሽ ፍለጋ አልዞርኩም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ስሙን የሚያውቀውን ብራንድ ነው የመረጥኩት። ስድስት ወር ሳይሞላው ማቀዝቀዝ አቆመ። የሸጠልኝ ሰውዬ ‹እኛ ሻጭ ነን፤ አስመጪውን አናግሪ› አለኝ። አስመጪው ወደ ጥገና ክፍሉ ላከኝ። ጥገና ክፍሉ ደግሞ ‹ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል፤ ምክንያቱ መብራት ስለሆነ ጋራንቲው አይሸፍነውም፤ መለዋወጫውም ለጊዜው የለም› ብሎ መለሰኝ። ደረሰኜ ላይ ‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም› የሚል ማኅተም አለበት። ከፍሪጁ በፊት የጁስ መፍጫዬ በአራት ወሩ፣ ካውያዬ በዓመቱ ሞተዋል፤ የልጄ ስልክ ባትሪው አብጦ ጀርባው ተከፍቷል። ባለቤቴ ‹አንቺ ዕቃ መግዛት አትችይም› ይለኛል። እናቴ በወጣትነቷ የገዛችው ፊሊፕስ ሬዲዮ ግን ዛሬም ይናገራል። ሆን ብለው እንዲበላሽ ነው እንዴ የሚሠሩት? ጅዳ ያለችው እህቴ ‹ተይው፣ ከዚህ ልላክልሽ› ትለኛለች። ልተወው ወይስ ልከራከር? የትኛውንስ ብራንድ ልመን?»
የታከተኝ፣ ከአያት

እህቴ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንዳታደርጊ ልለምንሽ፦ የሰፈር ባለሙያ ጠርተሽ ፍሪጁን እንዳታስከፍቺ። «ጋዝ ጨርሶ ነው፣ ልሙላልሽ» የሚል ሰው አይጠፋም። ቱቦው አንዴ ከተቆረጠ ግን አስመጪው «ሌላ ሰው ነክቶታል» የሚል የማይገኝ ሰበብ አገኘ ማለት ነው፤ ክርክርሽ እዚያው ላይ ይሞታል። አደጋም አለው። ፍሪጁን ገለል አድርጊና ከጀርባው፣ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን በቱቦው የሚገፋው ሞተር) አካባቢ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢ። አር 600ኤ የሚል ከሆነ ውስጡ ያለው ጋዝ አይሶቡቴን ነው፤ እንደ ማብሰያ ጋዝ በእሳት ይቀጣጠላል። አር 134ኤ የሚባለውን ሌላ ጋዝ ብቻ የለመደ ባለሙያ ወይ የማይስማማውን ጋዝ ይሞላበታል፣ ወይ የቀረው ጋዝ ሳይወጣ በነበልባል ሊበይደው ይነሳል። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

እንዴት አየህ ካልሽኝ፣ ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ዘጠኝ ዓመት የቤት ዕቃ ጥገና ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ዕቃ ስረከብ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ደብዳቤሽን ሳነብ ትንሽ አፍሬያለሁ። «መብራት ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው ላይ እንደተናገርኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስሙን የማልጠራው የሠራሁበት ቤት፣ ኮምፕረሰሩ የሞተበት ፍሪጅ ሲመጣ ገና መለኪያ ሳይነካው «ቮልቴጅ» ብለን እንድንጽፍ ይጠበቅብን ነበር። አስመጪ ኮምፕረሰር በነፃ መቀየር አይወድም፤ መብራት ደግሞ ቀርቦ «እኔ አይደለሁም» አይል።

ይህን ስልሽ መብራቱ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በእኛ አገር ለቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው መባሉ እውነት ነው፤ ማታ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲጥድ ግን አምፖሉ ቀይ ሆኖ ሲንጠለጠል አንቺም ታይዋለሽ። አብዛኛው ሰው ፍሪጅ የሚያቃጥለው የበዛ ኃይል ብቻ ይመስለዋል። ያነሰውም ይገድላል። ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ይሞክርና አቅም ያጣል፣ እንደ ንብ ድምፅ ያሰማል፣ ከዚያ ጠቅ ብሎ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል፤ በእያንዳንዱ ሙከራ ውስጡ ያለው ሽቦ ይግላል። ሌላው ገዳይ ጠፍቶ ወዲያው የሚመለሰው መብራት ነው። ፍሪጅ ሲጠፋ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ሳይረጋ እንዲነሳ ከተገደደ ሸክም ተሸክሞ እንደ መነሳት ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀይው፣ ሲመለስ ቡና አፍልተሽ ስትጨርሺ ሰኪው። አዘግይቶ የሚያበራ ስታቢላይዘር መግዛት ከቻልሽ ይህን ሁሉ ራሱ ያደርግልሻል። ፍሪጁን ከምጣዱና ከማንቆርቆሪያው ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክተሽው ከነበረ ደግሞ እሱን ለእኔና ለአንቺ ብቻ እንያዘው።

እንግዲህ «መብራት ነው» ያሉሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ያሉት ሰዎች ለክተው አሳይተውሻል? በደብዳቤሽ ውስጥ ለካን ያለሽ ሰው የለም። ኮምፕረሰር መቃጠሉ የሚታወቀው በሦስቱ ጫፎቹ መካከል ያለው የሽቦው ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ሲለካ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከጎኑ ደግሞ የማስነሻ ሪሌ እና ከመጋል የሚጠብቀው መከላከያ ተሰክተዋል፤ ከኮምፕረሰሩ ውጭ ያሉ፣ ጋዙን ሳይነኩ የሚቀየሩ፣ ዋጋቸውም ከኮምፕረሰሩ ጋር የማይወዳደር ዕቃዎች ናቸው። ተቃጥሏል የተባለ ኮምፕረሰር የሪሌ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ወደ ጥገና ክፍሉ ተመልሰሽ ሂጂና በትሕትና አንድ ገጽ ወረቀት ጠይቂ፦ ዕቃው የተረከበበት ቀን፣ ምን እንደተለካና ስንት እንዳሳየ፣ ምን እንደተቃጠለ፣ በምን ምክንያት እንደሆነ፣ የባለሙያው ስምና ፊርማ፣ የድርጅቱ ማኅተም። አፍ ለአፍ «መብራት ነው» ማለት የማይከብደው ሰው እጁን አንስቶ መፈረም ሲመጣበት ዕቃውን እንደገና መለካት ይጀምራል። በእኔ ጊዜ እንደዚያ ነበር። ወረቀት የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ አለቃችን ራሱ ከውስጥ ይወጣ ነበር።

አሁን ወደዚያ ማኅተም እንምጣ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን የቀረጸው የማኅተም ቀራጭ ነው እንጂ ሕግ አውጪ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ሻጩ ዕቃውን እንዲለውጥለት ወይም ዋጋውን እንዲመልስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። «ሻጩ» ነው የሚለው። ገንዘብሽን ቆጥሮ የተቀበለሽ፣ ደረሰኝ የጻፈልሽ ሰው ማለት ነው። አስመጪውን መፈለግ የእሱ ጣጣ ነው፤ «እኛ ሻጭ ነን» ማለቱ እንግዲህ ማምለጫ ሳይሆን ራሱን አሳልፎ መስጠቱ ነው።

የአንቺ 15 ቀን ግን አልፏል፤ ይህን ሸፋፍኜ ላጽናናሽ አልፈልግም። ቀሪው መንገድሽ የጋራንቲው ካርድ ነው። አዋጁ ለሸማቹ የተሻለ የሚጠቅመውን ዋስትና አይነካም፤ ካርዱ ላይ አንድ ዓመት ከተባለ አንድ ዓመት ነው። ካርዱን አውጪና በደንብ አንብቢ። መብራት ከጋራንቲ ውጭ ነው የሚል ቃል ተጽፎበታል? ከተጻፈ ምን ብሎ? ስታቢላይዘር ግዴታ ነው የሚል ነገር አለ? የፈረመው ሻጩ ነው ወይስ አስመጪው? «አይሸፍንም» ብሎ የመለሰሽ ሰው ካርዱን አንብቦት ላይሆን ይችላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉም ጉድለት ያገኘ ገዢ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። አንቺ ሄደሽ ነግረሻል፤ በአፍሽ ግን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ዛሬውኑ አጭር ደብዳቤ ጻፊ፤ መቼ እንደገዛሽ፣ መቼ እንደቆመ፣ ምን እንደጠየቅሽና ምን እንደመለሱልሽ፣ ምን እንዲደረግልሽ እንደምትፈልጊ። ሁለት ቅጂ አዘጋጂ፣ አንዱን ስጪ፣ በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙ አድርጊ። አንፈርምም ካሉ ፎቶ አንስተሽ በስልካቸው በቴሌግራም ላኪላቸውና መልእክቱን እንዳትሰርዢው።

ይህም ካልሠራ ሱቁ ያለበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። ሸማቾችን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ቀድሞ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል። አንቺ ግን ከታች ጀምሪ። ነጋዴ ከፍርድ ቤት ይልቅ ፈቃዱን በየዓመቱ የሚያድስለትን ቢሮ ይፈራል። ደረሰኝ፣ የጋራንቲ ካርድ፣ ያ ደብዳቤና ያ አንድ ገጽ የጥገና ወረቀት ይዘሽ ከገባሽ የተበሳጨች ደንበኛ ሳትሆኚ ፋይል ያላት አቤቱታ አቅራቢ ነሽ።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ደረሰኝሽ ላይ የተጻፈው ዋጋ የከፈልሽው ነው? ብዙ ሱቆች «ያለ ደረሰኝ ከሆነ አሥራ አምስት ፐርሰንቱን እንተውልሻለን» ይላሉ፤ ወይም ደረሰኙን በግማሽ ዋጋ ይጽፉታል። በዚያ ቀን ትርፍ ይመስላል። ዕቃው ሲበላሽ ግን «ዋጋዬን መልሱ» የምትይው ወረቀቱ በሚለው ልክ ነው። እንዲህ ሆኖ ከሆነ ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ኮምፕረሰሩ ይቀየርልኝ ወይም ፍሪጁ ይለወጥልኝ ብትዪ ይሻልሻል።

ስለ ፍሪጁ ይህ ነው። ልተወው ወይ ላልሽው፣ አትተዪው።

የትኛውን ብራንድ ልመን ላልሽው ግን የአንድም ብራንድ ስም አልመርጥልሽም። ፈርቼ አይደለም። ስም ዛሬ ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ካየሽ ጥያቄሽ ራሱ ይቀየራል ብዬ ነው።

ከእናትሽ ሬዲዮ እንነሳ። ያንን ሬዲዮ የሠራው የሆላንዱ ፊሊፕስ ዛሬ በዋናነት የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ ነው። ፊሊፕስ ተብሎ የሚሸጠውን ቴሌቪዥን የሚሠራው ሌላ ኩባንያ ነው፤ የጁስ መፍጫውን፣ የካውያውንና የቡና ማፍያውን ዘርፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ሸጦታል፤ የገዙት ሰዎች በስሙ የሚጠቀሙት በውል ነው። ቶሺባም እንዲሁ ነው፦ የፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2016 ሚዲያ (Midea) የተባለው የቻይና ኩባንያ፣ የቴሌቪዥኑን ደግሞ በ2018 ሌላው የቻይና ኩባንያ ሃይሴንስ ወስደውታል። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ ክፍልም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የቻይናው ኩባንያ የሃየር ነው። ኖኪያ የሚል ስልክ ገዝተሽ ከሆነም በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የሠራው ኤችኤምዲ የሚባል፣ ስሙን በፈቃድ የተጠቀመ ድርጅት ነው። ከእነዚህ አንዱም ማጭበርበር አይደለም፤ ሁሉም በአደባባይ የተደረገ ንግድ ነው፤ አዲሱ ባለቤት ከቀድሞው የተሻለ ዕቃ ሊሠራም ይችላል። ነገር ግን አንቺ ሱቅ ገብተሽ የምታምኚው የእናትሽን ትዝታ ነው፤ የምትገዢው ደግሞ ሌላ ሰው የሠራውን ሳጥን ነው። በአገራችን ሱቅ ይከራያል፣ ታርጋ ይከራያል፤ ስምም ይከራያል።

ይህ ሁሉ ስሙ እውነተኛ ሲሆን ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ ተቀይሮለት፣ ቀለሙና አጻጻፉ ግን ከትልቁ ብራንድ ተገልብጦ የተቀመጠ ዕቃ ስንት እንዳለ አንቺም ታውቂዋለሽ። «አንደኛ ደረጃ ኮፒ» የሚባል ነገር እንዳለ በኩራት የሚነግርሽ ሻጭ አለ። ደግሞ «ቻይና ነው» ብሎ ዕቃ መናቅ የሚቀናን ሰዎች አለን። ያ የሚንቀው ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው ውድ ስልክም እዚያው ተገጣጥሞ ሊሆን ይችላል። አንድ ፋብሪካ አስመጪው በከፈለው ልክ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ይሠራል፤ ሳጥኑ አንድ፣ ውስጡ ሌላ።

የእናትሽ ሬዲዮስ? እሱን ሳስብ ሁለት ነገር ይመጣብኛል። አንደኛው፣ በዚያው ዓመት የተገዙት የጎረቤት ሬዲዮዎች የት እንደደረሱ ማንም አይጠይቅም። ብዙዎቹ ከረጅም ዘመን በፊት ምን ዓለሽ ተራ ደርሰው ሽቧቸው ለብቻ፣ ሣጥናቸው ለብቻ ተሽጧል። በሕይወት የቀረውን ብቻ ስለምናየው «የድሮ ዕቃ አይሞትም» እንላለን። ሁለተኛው ግን እውነተኛ ልዩነት ነው፦ ያ ሬዲዮ በብሎን የተዘጋ ነው። ይከፈታል፣ ውስጡ በዓይን ይታያል፣ የነደደው ነገር ተነቅሎ ሌላ ይበየድበታል። ዛሬ ብዙው ዕቃ በሙጫ ነው የሚዘጋው።

ስለ ቮልስ አስቢ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ዓመት ስትሽከረከር ኖረች! እንደሚወራው ስለማትበላሽ አልነበረም፤ ትበላሽ ነበር እንጂ። የተወደደችው ስትበላሽ ስለማታስቸግር ነው። ገብታ የማትወጣበት ጋራዥ አልነበረም፤ መለዋወጫዋ ከተማው ሁሉ ነበር፤ ሥራ የጀመረ ልጅ መጀመሪያ የሚፈታው የእሷን ሞተር ነበር። የሲንገር የልብስ ስፌት መኪናም እንደዚያው። እኔ ብራንድ የሚባለውን ነገር በዚህ ዓይን ነው የማየው፤ ጥሩ ብራንድ ማለት በሰፈርሽ ጠጋኝ ያለው ማለት ነው።

ሆን ብለው ነው ወይ ላልሽው፣ አንዳንዴ አዎ። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄኔቫ ላይ ትልልቅ የአምፖል አምራቾች ፌበስ በተባለ ኅብረት ተሰባስበው የአምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ እንዲቆም ተስማሙ፤ አምፖሉ ከዚያ በላይ ያበራ አባል ይቀጣ ነበር። ከተስማሙት መካከል አንዱ ይኸው የእናትሽ ሬዲዮ ሠሪ ፊሊፕስ እንደነበር ስነግርሽ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። በእኛ ዘመንም አፕል የቆዩ አይፎኖችን ለባለቤቶቹ በግልጽ ሳይነግር በሶፍትዌር አዘግይቷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2020 ፈረንሳይ ውስጥ 25 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሏል። ለአንቺ የጁስ መፍጫ ግን እንዲህ ያለ ሴራ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። መዳቡን በአሉሚኒየም መተካት፣ የብረቱን ጥርስ በፕላስቲክ መተካት ይበቃል፤ ዋጋው ይወርዳል፣ እኛም «ቀንስልኝ» እንላለን። መመሪያውን ብታነቢው ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በላይ አታስኪጂው ይላል። ለበዓል ሽሮ ወይም በርበሬ ሲፈጭበት የዋለ የጁስ መፍጫ ዕድሜው ያን ቀን ነው የሚያልቀው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ዕቃ ስትገዢ ከሱቅ በፊት ጥገና ቤት ሂጂ። ሦስት የተለያዩ ጠጋኞችን «የትኛው ፍሪጅ መለዋወጫ አያስቸግርህም? የትኛውን ሲያመጡልህ አልቀበልም ትላለህ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሰው የሚወደውን ሲናገር ያጋንናል፣ ያሰለቸውን ሲናገር ግን እውነቱን ነው። ሦስቱም አንድ ስም ከደጋገሙልሽ ያንን ያዢ። ከዚያ ሱቅ ገብተሽ «ይሄ ብራንድ እንዴት ነው?» አትበዪ፤ «አሪፍ ነው» ከማለት ሌላ ምን ይመልስልሻል? «የዚህ ኮምፕረሰር ቢሞት ማን ነው የሚቀይረው? አሁን መጋዘን ውስጥ አለ? ስንት ነው?» በዪ። መለዋወጫ የሌለው የአምስት ዓመት ጋራንቲ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። በሩ ላይ ስክሪን የተገጠመለትን፣ በስልክ የሚታዘዘውን ፍሪጅ ለጊዜው ለሌሎች ተዪላቸው፤ መብራታችን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ወዳጅ አይደለም።

ስትገዢ አስከፍተሽ፣ ሰክተሽ፣ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ሰምተሽ ውሰጂ። ሲጫን ይቁም፤ አስተኝተው ካመጡት ወዲያው አትሰኪው፣ ለጥቂት ሰዓታት ቆሞ ይረጋ። ከዚያ በኋላ ያሉትን 15 ቀናት እንደ ፈተና ጊዜ ቁጠሪያቸው። ብዙ ሰው አዲስ ዕቃ ለእንግዳ ወይም ለበዓል ብሎ በካርቶኑ ያቆየዋል። እንዳታደርጊው። ሙሉ አድርገሽ ጫኚው፣ ሌት ተቀን ይሥራ፤ የሚሞት ከሆነ በሕጉ ቀን ውስጥ ይሙትልሽ። ካርቶኑንም ለልጆች መጫወቻ አትስጪ።

የጅዳዋን እህትሽን አመስግኛት፤ ግን «ከመላክሽ በፊት ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሺልኝ» በያት። የሳውዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ብዙ የሳውዲ ቤቶች ደግሞ ለረጅም ዘመን በ127 ቮልት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ወረቀቱ 220–240 ቮልትና 50/60 ኸርዝ የሚል ከሆነ እሺ፤ 60 ብቻ የሚል ፍሪጅ ወይም ልብስ ማጠቢያ ግን እዚህ መጥቶ ሞተሩ ሲንገላታ ይኖራል። ቮልቱን በትራንስፎርመር ታስተካክዪዋለሽ፤ ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። ጋራንቲውም ብዙ ጊዜ ከተገዛበት አገር አያልፍም። ከላከች ዕቃ ሳይሆን ገንዘቡን ብትልክ እመርጣለሁ፤ ወይም ጥሩ ስታቢላይዘር።

የልጅሽ ስልክ ነገር ከፍሪጁ ይልቅ አሳስቦኛል። ያበጠ ባትሪ ቀልድ አይደለም። ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ በመርፌ ልበሳው የሚል ጎረቤት ካለ ከቤት አስወጪው። ከአልጋና ከምንጣፍ አርቃችሁ አስቀምጡትና ለስልክ ጠጋኝ ስጡት፤ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት።

ባለቤትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። «ዕቃ መግዛት አትችይም» ያለሽ ሰው ፍሪጁ ሲገዛ የት ነበር? ሁለት ዓመት ዕቁብ መጣል የሚችል ሰው ዕቃ መግዛትም ይችላል። በንዴት የተናገረው ከሆነ ይቅር በይውና ሰኞ ጠዋት ንግድ ጽሕፈት ቤት አብሮሽ ይሂድ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ብዙ ለመነጋገር ጊዜ ታገኛላችሁ።

ካውያውን ጥለሽው ካልሆነ አትጣይው። በዓመቱ የሚሞት ካውያ ብዙ ጊዜ የሚሞተው አንገቱ ላይ ነው፤ ገመዱ ከእጀታው የሚወጣበት፣ በተኮስሽ ቁጥር የሚታጠፍበት ቦታ፣ ከላይ ሳይታይ ከውስጥ ይበጠሳል። መንገድ ዳር ቴስተር ይዞ ለተቀመጠ ልጅ ስጪው፤ ገመዱን ቆርጦ መልሶ ያስርልሻል። የጥገና ክፍሉ የሚጽፍልሽን ወረቀት ደግሞ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ምን ለካሁ እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ።